ጠንቃቃው ዌንደል

ዌንደል ክራል ሃያ ሁለት ዓመት ጣሪያ ሲሠራ ኖረ። ጉልበቱ ሲከዳው ግን የአሜሪካዋን የኢሪ ከተማ ጣሪያ ለጎረምሶቹ ትቶ ቤት መርማሪ ሆነ። ኢሪ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው ውሉን ከመጨረሱ በፊት መርማሪ ይጠራል። መርማሪው ኮርኒስ ላይ ወጥቶ፣ ምድር ቤት ወርዶ፣ የቤቱን ጉድ አንድ በአንድ ጽፎ ያስረክባል። ዌንደል ተማረ፣ ተፈተነ፣ ወረቀቱን ያዘ። መሰላሉ ድሮም ነበረው፤ የእርጥበት መለኪያ ገዛ። የጠፋው ደንበኛ ብቻ ነው።

ሚስቱ ኖሪን እስከ ፋሲካ ድረስ ጊዜ ሰጠችው። እስከዚያ ካልተሳካለት የወንድሟ የገስ ጎሚስታ አለ። ገስ ቦታ ይዞለታል፤ ግን ያ ሰው አፉ አያርፍም። ዌንደል ትምህርት ከጀመረ ወዲህ "ፕሮፌሰር" እያለ ነው የሚጠራው። እሱ ሥር ጎማ መፍታት ለዌንደል ሞት ነው።

"ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል፤ ሌላ ምን አልኩህ?" ትለዋለች ኖሪን።

"አንዱን ባላ ገስ ይዞት ነው ችግሩ።"

ደንበኛ የሚገኘው በቤት ደላሎች በኩል ነው። ገዢው ምን ያውቃል፤ "መርማሪ ማንን ልጥራ?" ብሎ ደላላውን ይጠይቃል፣ ደላላው የፈቀደውን ስም ይሰጠዋል። ስለዚህ ዌንደል ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ደላሎቹ ሲሰበሰቡ ሁለት ካርቶን ዶናት ይዞላቸው ከተፍ ይላል። ይበላሉ፣ ትከሻውን ቸብ ያደርጉታል፣ ካርዱን ኪሳቸው ይከታሉ። ስልኩ ግን ጭጭ።

በስድስተኛው ሳምንት ከደላሎቹ አንጋፋ የሆነችው ቤቨርሊ ስታንኮ አንድ ሥራ ሰጠችው። ሌላው መርማሪ በሁለት ሰዓት የሚጨርሰውን ቤት እሱ አምስት ሰዓት ፈጀበት። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው የሰውየው ነገር። ማሞቂያው ውስጡ ተሰንጥቆ ሽታ የሌለው ገዳይ ጭስ ወደ መኝታ ቤት ሲልክ ደረሰበት። ሰባ አንድ ገጽ ከነፎቶው ጽፎ ሰጠ። ገዢዎቹ፣ ገና የተጋቡ ልጆች፣ አቅፈው አመሰገኑት፤ ቤቱንም ሳይገዙ ጥለውት ሄዱ።

"አንተ፣ በጣም ጠንቃቃ ሰው ነህ" አለችው ቤቨርሊ።

ዌንደልን ደስ አለው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ደግሞ አንዱ ደላላ ዶናቱን እየገመጠ "ጠንቃቃው መጣ" አለ፤ ሌላዋም "ሰምተናል፣ ሰምተናል፣ ጠንቃቃ ነህ አሉ" ብላ ተቀበለችው። ስሜ ወጣ ማለት ነው ብሎ ማተሚያ ቤት በረረ። አዲስ ካርድ አሠራ፤ የፒክአፑም በር ላይ በትልልቅ ፊደል አጻፈበት፦ "ዌንደል ክራል፣ የኢሪ ጠንቃቃ መርማሪ። ደላላዎን ይጠይቁ!"

ወይ አለማወቅ። ጣሪያ ላይ የኖረ ሰው የደላላን ቋንቋ ከየት ይማር?

ከዚያ በኋላማ ጭራሽ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ግራ ገባው። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ኖሪንን ከኩሽና አስደወላት፤ ጮኸ። ጥፋቱ የዶናቱ ነው ብሎ ክሬም ያለበትን ገዛ፤ በሉለት። ሁሉም ያመሰግነዋል፣ ማንም አይጠራውም። ምን አጠፋሁ እያለ ያንን ሰባ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ አነበበው። አንድ የፊደል ስህተት ብቻ አገኘ።

ፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀረው ቤቨርሊ ደወለች።

"ዌንደል፣ ቅዳሜ ጠዋት ጊዜ አለህ?"

ጊዜማ ሞልቶት። ቤቱን የምትገዛው ልጇ ካሪ ናት፤ የሰባት ወር እርጉዝ።

"ምንም ነገር እንዳታልፍ" አለችው ቤቨርሊ። "ወለሉ ሥር በደረትህ ተስበህም ቢሆን ግባልኝ።"

ገባላት። የመታጠቢያ ቤቱን ወለል የተሸከመው አግዳሚ እንጨት በስብሶ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ሆኖ አገኘው። ካሪ እዚያው በሩ ላይ ቤቱ ይቅርብኝ አለች። ቤቨርሊ የዌንደልን አቧራማ እጅ በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሱም ያን ጊዜ ደፈረ።

"ወይዘሮ ቤቨርሊ፣ ሥራዬ መጥፎ ነው እንዴ?"

"ማን አለህ?"

"ታዲያ ለምንድነው ሰው የማትልኩልኝ? ጠንቃቃ ነህ ያላችሁኝ እናንተው አይደላችሁ?"

ቤቨርሊ ፒክአፑን አየች፣ እሱን አየች፣ ተመልሳ ፒክአፑን አየች።

"ያንን በሩ ላይ ያጻፍከው የምርህን ነው? እኛ እኮ እያሾፍክብን መስሎን ነበር። ዌንደልዬ፣ እኛ ዘንድ ጠንቃቃ ማለት ሽያጭ አፍራሽ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ለገዢ አንሰጥም።"

ዌንደል ጆሮው ድረስ ቀላ። "ዛሬስ ለምን ጠሩኝ?"

"ልጄ ናት እኮ" አለች፣ ሳታፍር፣ ሌላ መልስ የሌለው ጥያቄ ይመስል።

"ከሰኞ ጀምሮስ?"

"ሰኞማ እንጀራዬ ነው።" ጉንጩን ሳመችውና ወደ መኪናዋ ሄደች።

ቤት ሲደርስ ኖሪን ለፋሲካ እንቁላል ቀለም ውስጥ እየነከረች ነበር።

"እሺ፣ እንዴት ሆነ?"

"ቤቨርሊ ለልጇ ከኔ ሌላ አታምንም።"

"ጎሽ! ተናግሬ ነበር። ስንት ሰው ልትልክልህ ነው?"

"አንድም።"

ኖሪን እንቁላሉን ማንኪያው ላይ እንደያዘች ቀረች። "አልገባኝም።"

"እኔም አልገባኝም" አለ ዌንደል። ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠና ለገስ ደውሎ፣ ሰኞ ጎሚስታው በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠየቀው።