የግመሉን ገመድ ያልለቀቀው ሰው

በጣሊያን ጊዜ መተማ ውስጥ አንድ ግመል የሚያዞረው የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ነበር። ግመሉን የሚነዳው ከጎጃም የወረደ ጀምበሩ የሚባል ሰው ነው። ታሪኩን የነገሩኝ አብረውት የሠሩት እማማ አሰበች ናቸው፤ የእሳቸውን ያህል አሳምሬ መጻፌን እጠራጠራለሁ።

ጀምበሩ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚያ ግመል ኋላ ዞሯል። ዝምተኛ ነበር። ሦስት ሴቶች፣ አሰበች፣ ረቢዓና ኩብራ፣ ሰሊጡን በሰፌድ እያበጠሩ ያቀብሉታል፤ እሱ መጭመቂያው ውስጥ ይጨምራል። የመጭመቂያው ባለቤት ኸሊል ለሠራተኞቹ በግቢው ጥግ ጎጆ ሰጥቷቸዋል። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ የሴቶቹ ነው፤ ፍየሎቻቸውን የሚያደልቡት በሱ ነበር። ይህ ሁሉ በቃል ነው፤ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

በ1932 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ጦርነት ሊመጣ ነው የሚለው ወሬ ሲበረታ፣ ኸሊል ንብረቱን ሸጦ ሱዳን ገዳሪፍ ወዳሉት ዘመዶቹ ሊሻገር ተነሣ። የገዛው ሷሊህ የሚባል ከገንዳ ውሃ ከተማ የመጣ ነጋዴ ነው። ሷሊህ ግቢውን ዞሮ አየና ጀምበሩን ለብቻው ጠርቶ፣ አንተን አልለቅህም፣ ሴቶቹ ግን ይውጡ፣ ጎጆዎቹን መጋዘን አደርጋቸዋለሁ አለው። ክረምቱ ሊገባ ብዙም አልቀረውም። ጀምበሩ ወደ ግመሉ ተመለሰ።

በሰፈሩ ልማድ ግመል ሲሸጥ ነጂው ገመዱን ለሻጩ ይሰጣል፤ ሻጩም በሽማግሌ ፊት ለገዢው ያስረክባል። ያ እስኪሆን ሽያጩ አይጸናም። በርክክቡ ቀን ኸሊል እጁን ሲዘረጋ ጀምበሩ ገመዱን ክንዱ ላይ ጠቅልሎ ቆመ።

"ምነው ጀምበሩ?" አሉ ሽማግሌው አያ ሰጠኝ።

ሴቶቹ በኸሊል ጊዜ እንደነበሩት እንደሚቆዩ ካልተነገረኝ አልሰጥም አለ። ሷሊህ ሳቀ።

"እኔ ግመልና መጭመቂያ ገዛሁ እንጂ ሰው አልገዛሁም።"

"ልክ ነው ጌታው። እነሱ አልተሸጡም፤ ስለዚህ የእነሱ የሆነው ጎጆና ፋጉሎም አልተሸጠም።"

ኸሊል አፍሮ አቀረቀረ። ሽማግሌዎቹ ሷሊህን አዩት። ሷሊህ ላቡን ጠርጎ፣ የሴቶቹ ሥራም ኑሮም በኸሊል ጊዜ እንደነበረው ይቀጥል ሲል በፊታቸው ቃል ገባ። ገመዱ ተላለፈ።

በማግስቱ ሷሊህ በጀምበሩ ቂም ይዞ፣ በሱቁ የሚሠራውን የአክስቱን ልጅ በእሱ ምትክ ግመል ነጂ አድርጎ ይዞት መጣ። ጀምበሩ ስለ ሴቶቹ ሲናገር ስለ ራሱ መናገርን ረስቶ ኖሯል። አያ ሰጠኝ ዘንድ ቢሄድ፣ ስላንተ የሰማሁት ቃል የለም ልጄ አሉት እያዘኑ። ተመልሶ እቃውን ይሸክፍ ጀመር።

ሴቶቹ ግን ያበጠሩትን ሰሊጥ እንደያዙ ቆሙ። አዲሱ ነጂ እጁን ቢዘረጋም አልሰጡትም። ሷሊህ ምን ሆናችኋል እያለ መጣ።

"በሽማግሌ ፊት ሥራችን እንደ ኸሊል ጊዜ ይቀጥላል ብለዋል" አሉት አሰበች። "በኸሊል ጊዜ ሰሊጡን የምናቀብለው ለጀምበሩ ነበር። ለሌላ ሰው ማቀበል አናውቅበትም።"

አያ ሰጠኝ ተጠሩ። ነገሩን ሁለቴ አስደግመው ሰሙና፣ እሷ ያለችው ከቃልህ ውስጥ አለ አሉት ሷሊህን። ሷሊህ እያጉረመረመ የአክስቱን ልጅ ወደ ሱቁ መለሰው።

ጀምበሩ የሸከፈውን አስቀምጦ ገመዱን ያዘ። ሐሙስ ሲደርስ የሦስቱንም ፋጉሎ ተሸክሞ ጎጇቸው ድረስ አደረሰልን ይላሉ እማማ አሰበች።