በዒዳ ላይ የመጣ ልኬታ

የመሬት ልኬታው ቀበሌያችን የደረሰው አባቴን በቀበርን በወሩ ነው። እናቴ ዒዳ ላይ ነበረች። ባሏ የሞተባት ሴት የሐዘኗ ጊዜ እስኪያልቅ ከቤት አትወጣም፤ በእኛ በይፋት ቆላ ደግሞ ማን ወጣ ማን ገባ የማይል ጎረቤት የለም። ስለዚህ ለኪዎቹ ሲመጡ፣ ወንዝ ዳር ያለውን የሽንኩርት መሬታችንን ወሰን እንዲያሳይላት እኩል አራሻችንን ላከችው። አባቴ ከታመመ ጀምሮ መሬቱን የሚያርሰውና ምርቱን እኩል የሚካፈለን እሱ ነው። ቤተሰብ ነው ብላ ነው። እኔ ሸዋ ሮቢት ሱቄ ውስጥ ነበርኩ፤ ብትጠይቀኝ እኔም «እሱኑ ላኪው» እላት ነበር።

ልኬታው ለሕዝብ ሲነበብ መሬቱ በሱ ስም ወጣ።

ደሜ ፈላ። ሱቄን ዘግቼ በባጃጅ በረርኩ። የልኬታው ኮሚቴ ሰብሳቢ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ባለይዞታዋ ራሷ ትቅረብ። እስከ ሐሙስ ካልቀረበች ይጸድቃል» አለኝ።

«ዒዳ ላይ ናት እኮ!»

«ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?»

ያ መሬት ከሄደ እናቴ የምትኖርበት ሌላ ነገር የላትም። ሸኻችን «ለችግር ቀን ቀን መውጣት ይፈቀዳል» አሏት። እሷ ግን «የባሏ አፈር ሳይደርቅ ለመሬት ሮጠች ልባል?» ብላ እምቢ አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ። ሐሙስ ጠዋት ተከናንባ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። «እንሂድ» አለችኝ።

የቀበሌው ግቢ በሰው ተሞልቷል። እኩል አራሻችን ቀድሞ ተናገረ። «መሬት የአራሹ ነው። ያረስኩት እኔ፤ ጎርፍ ሲበላው ድንጋይ የካብኩለት እኔ።» እውነቱን ነው፣ ክቧል። ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው።

አዋሳኞቻችን ተጠየቁ። አንገታቸውን ደፉ። ግማሾቹ ራሳቸው የሰው መሬት እኩል የሚያርሱ ናቸው፤ የቀሩት ጠብ ፈርተዋል። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አነሳ።

እናቴ ተነሳች። ኮሚቴውን አላየችም፤ ወደ እሱ ዞረች።

«የባሌን ጀናዛ ሲያወጡ እስከ በሩ ነው የሸኘሁት። ከዚያ ወዲህ ደጅ አልረገጥኩም። ዛሬ ያወጣኸኝ አንተ ነህ። በል ንገራቸው፤ መሬቱ የማን ነው?»

ላብ አጠመቀው።

«የእትዬ ነው» አለ በመጨረሻ። «ወላሂ የእሳቸው ነው።»

ይሄኔ አዋሳኞቹ ሁሉ አፍ አወጡ፤ መስካሪው በዛ! እስካሁን የት ነበራችሁ ልላቸው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። ስሙም እዚያው ተስተካከለ።

ስንወጣ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። «እትዬ፣ አፉ ይበሉኝ። ነገ የውሃ ተራችን ነው፤ ሽንኩርቱ ጠምቶታል። ልምጣ?»

«ምን ዓይን አለህ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ና» አለችው እናቴ።

መንገዱን ሙሉ አላናገርኳትም። ቤት ስንገባ ግን አላስቻለኝም። «እማ፣ እሱን? እንዴት ሆኖ?»

መከናነቢያዋን አውልቃ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«በአንድ ዓመት ስንት ሰው ልቅበር?» አለችኝ።