በማርያም ማግስት የሚወርደው ውሃ

ያን ሰውዬ ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። የውሃ ፕሮጀክት ኃላፊ ነበር፤ ደብረ ታቦር ተሹሞ ከመጣ ጀምሮ ከመኪናው ወርዶ በእግሩ የሄደበትን ቀን አላየሁም።

እኔ ያኔ ከተማው ውስጥ አስተምራለሁ። ሙያዬ ብክለትን በስሌት መተንበይ ነው፤ መርዝ ከየት ተነስቶ፣ በምን ያህል ዝናብ፣ የት ይደርሳል የሚለውን። ጋፋት አጠገብ ላለች አንዲት መንደር ቧንቧ ሊገባ ነውና ውሃው ከየት እንደሚጠለፍ አጥኚ ተባልኩ። መንደሯ የአክስቴ ናት። አክስቴ ጉልበቷ ከድቷታል፤ ዳገት ላይ ካለው ምንጭ ጀሪካን አዝላ ስትወርድ በየድንጋዩ ነበር የምታርፈው። ያን ቧንቧ ከእኔ አብልጦ የሚመኝላት ሰው አልነበረም።

ኃላፊው የመረጠው ከድንች ማሳዎቹ በታች ያለውን ጅረት ነው። ለመኪና ይቀርባል፣ በቃ። ክረምት ላይ ድንቹን በሽታ እንዳይጨርሰው ገበሬው ሁሉ መርጫ አዝሎ መድኃኒት ይረጫል። ቢሮው ታዲያ የወሩን ርጭት ለቀኖቹ እኩል አካፈለና አማካዩ ከተፈቀደው በታች ነው ብሎ ዘጋው።

እኩል! የእኛ አገር ገበሬ በየቀኑ እኩል የሠራው መቼ ነው? በሚካኤል አይሠራም፣ በማርያም አይሠራም፣ በጊዮርጊስ አይሠራም፣ ሰንበቶቹማ አይነሱ። እናም በማርያምና በጊዮርጊስ መካከል ያለችው ቀን ስትደርስ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጠዋት ማሳው ላይ ይወጣል። ከሰዓት ዝናቡ የተረጨውን መድኃኒት ያጥበውና ጅረቱ ውስጥ ይከተዋል። በዓላቱን አስገብቼ ብሠራው ውጤቱ አንድ ቁጥር አልሆን አለ። ብዙውን ቀን ውሃው ደህና ነው፤ በበዓል ማግስት ግን እንደ ዝናቡ ነው፣ ምንም ላይሆን ይችላል፣ መርዝም ሊሆን ይችላል።

«ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?» አለኝ ኃላፊው፣ ቢሮው ሄጄ ስነግረው።

«አንዳንድ ቀን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። የትኛው ቀን እንደሆነ ቀድመን ስለማናውቅ ነው ከማሳው በላይ ይጠለፍ የምለው።»

«አየሽ፣ አንቺም አታውቂውም!» ብሎ ሳቀብኝ። «አማካዩ ይበቃናል።»

ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። አለማወቅንም መለካት ሙያ ነው ብለው ለእሱ ቢያስረዱት፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ሄጄ ሁሉንም ለአክስቴ ነገርኳት።

ቧንቧው ተዘረጋ። የምርቃቱን ቀን ደግሞ ሲመርጥ፣ ነሐሴ ላይ፣ ልክ በማርያም ማግስት! ጠዋት ሰዉ ሲረጭ አረፈደ፤ ቀትር ላይ ዝናቡ ወርዶ አባራ፤ ከዚያ እሱ በመኪናው መጣ። ንግግሩ ውስጥ «ንጹሕ ውሃ» ማለት አልሰለቸውም።

በእኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል፤ ክፉ ነገር አልሰጠኋችሁም ማለቱ ነው። አክስቴ ከቧንቧው በጣሳ ቀዳችና በሁለት እጇ አቀረበችለት።

«ጌታው፣ ውሃውን የሰጡን እርስዎ ነዎት። እስቲ መጀመሪያ ይቅመሱልን።»

ተቀበላት። ጣሳውን አየ፣ ሽቅብ ማሳውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ጨጓራዬን ያመኛል። ቀዝቃዛ አልጠጣም» አለ።

ወይ ጉድ! ለካስ ስሌቱ ገብቶታል! አብጠርጥሮ ገብቶታል! ለአክስቴ ሆድ የበቃው አማካይ ለእሱ ሆድ ሳይበቃ ቀረ። አክስቴ ጣሳውን ከእጁ ወስዳ እዚያው እግሩ ሥር ደፋችው፤ የሚያብረቀርቅ ጫማው ጭቃ ሆነ። እሰይ፣ ደግ አደረገች።

ከዚያ ወዲያ ያን ውሃ የጠጣ የለም፤ ልብስ ያጥቡበታል። ከማሳው በላይ ይጠለፍላቸው እያልኩ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተትኩ። «ያ መንደርማ ቧንቧ ገብቶለታል» ይሉኛል። አክስቴም ጀሪካኗን አዝላ፣ በቧንቧው አጠገብ አልፋ፣ ዳገቱን ትወጣለች።