ስለ ባንዲራው ያልኩት

እርጥብ አቧራ የሚሸት አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ስገባ ዛሬም መጀመሪያ የማየው በሩን ነው። ጅቡቲ ከተማ የተማርኩበት ኮሌጅ አዳራሽ ሽታው እንደዚያ ነበር።

ምን ሆነ መሰለሽ፤ ለባህል ቀን የየአገራችንን ባንዲራ እንድንሰቅል ተፈቀደልን። እኛ ኢትዮጵያውያኑ ግን ልሙጡ ይሁን ባለኮከቡ በሚለው ተጣላን። ነገሩ ወደ ጡጫ ሊሄድ ሲል አስተዳደሩ ባንዲራ መስቀልንም፣ ግቢ ውስጥ ስለ ባንዲራ ማውራትንም ከለከለ። ተማሪው ሲያጉረመርም ስብሰባ ተጠራ።

እናቴ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የምንኖረውም እዚያው፣ ጓሮ ባለችው ክፍሏ ነው። የመኖሪያ ፈቃዳችንን ያወጣችልን አሠሪዋ፣ ማዳም ነበረች፤ የማዳም ባል ደግሞ እኛው ኮሌጅ ያስተምራል። «አደራሽን፣ አፍሽን ያዢ» ትለኝ ነበር እናቴ፣ ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን እየተኮሰች።

በስብሰባው ቀን የማዳም ባል ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ልሙጡን የሚወዱት ዝም አሉ፤ ባለኮከቡን የሚወዱትም ዝም አሉ። በሩን አየሁ፤ ዘበኛ ቆሞበታል። እጄን አወጣሁ።

በተሰባበረ ፈረንሳይኛ «ሁለቱም ይሰቀሉ» አልኩ። «እኔ ባለኮከቡን አልወደውም። የሚወደው ልጅ ግን አጠገቤ ቆሞ ለምን እንደሚወደው ይንገረኝ። ዝም ካስባላችሁን እንደተጣላን እንቀራለን።»

ማንም አላጨበጨበም። ባንዲራም አልተሰቀለም።

አመሻሽ ላይ ማዳም እናቴን ሳሎን ጠራቻት። «ልጅሽ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አታድርም። አንቺ ከፈለግሽ ቆዪ።»

እናቴ ብትወጣ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ትምህርቴም ያኔ ያበቃል። ቀረች። እኔ ልብሴን በፌስታል ይዤ ካርቲየ 5 የሚባል ሰፈር፣ አንዲት ያገራችን ሴት ዘንድ ተጠጋሁ። ከጀርባዬ የብረት በሩ ሲዘጋ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እናቴ ከዚያ በር የምትወጣው ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነበር።

ከዚያ ቤት ሥራ ሳትላቀቅ ነው ያረፈችው። ሳስባት ግን ቀድማ የምትመጣብኝ በመጀመሪያው ዓርብ እንደነበረችው ናት። ልትጠይቀኝ ስትመጣ፣ ልትቆጣኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ያበጡ እግሮቿን ከጫማዋ አውጥታ ፍራሼ ላይ ተቀመጠች።

«እንዴት ነበር ያልሽው?» አለችኝ።

በአማርኛ ነገርኳት።

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።» ተነስታ መስኮቱን ዘጋች። ክፍሉ እንደ ምድጃ ጋለ። ተመልሳ እጄን ያዘችና፣

«በይ አሁን እንደገና» አለችኝ፤ «ጮክ ብለሽ።»