ከማራገቢያው የሸሸሁበት ግንቦት

ባለፈው ሳምንት ቢሯችን አዲስ ልጅ ተቀጠረች። ሐናን ትባላለች፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙም አልቆየችም። ግንቦት ነውና ግድግዳው ራሱ ይግላል። ሁላችንም ወንበራችንን ወደ ማራገቢያው ስንጎትት እሷ ነፋሱ የማይደርስበትን ጥግ መርጣ ተቀመጠች። በድሬዳዋ ሙቀት ከማራገቢያ የሚሸሽ ሰው ወይ አሞታል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። ጥጉን አውቀዋለሁ።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት እኔም እዚያው ነበርኩ። ጠዋት ከሰፈሬ ከሳቢያን በባጃጅ ስመጣ፣ ላብ ገና አንገቴን ሲያርሰው ከሻርፔ አንድ ሽታ ይነሣል፤ ጓዳ ውስጥ ተረስቶ የከረመ እርጥብ ጆንያ ዓይነት። ሻርፕ አፍንጫ ሥር የሚውል ልብስ ስለሆነ፣ ሽታው ከእሱ ይምጣ ከእኔ መለየት አልቻልኩም። ሻርፑ ታጥቧል፤ ስለዚህ የምሸተው እኔ ነኝ አልኩ። ጠዋት ማታ ገላዬን ታጠብኩ፣ ብብቴን በሎሚ አሸሁ፣ ሽቶ ደረብኩ። ላብ ሲመጣ ሁሉም ከንቱ።

የሆነ በሽታ መሰለኝ። ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ "እሸታለሁ" ማለት ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቷ ዓይነ አፋር የሚሞከር አይደለም። መጀመሪያ ማራገቢያው ሽታዬን ለሰው እንዳያዳርስ ጥጉን ያዝኩ። ቀጥሎ አራት ሰዓት ላይ ፈቲያ ትኩስ ሳምቡሳ ስትዘረጋ፣ አንዴ ጾመኛ ነኝ፣ አንዴ ሆዴን አሞኛል እያልኩ ከጠረጴዛው ቀረሁ። ፈቲያ በዕድሜም በሥራም ታላቄ ናት፤ ሳቋ ከግቢው በር ይሰማል፣ ቀልዷ ማንንም አይምርም። አንድ ቀን በሰው ፊት ትናገረኛለች ብዬ ስፈራ ከረምኩና ሥራውን ለመተው ቆረጥኩ። ለእማ፣ ሰኞ ለአለቃዬ እነግራለሁ አልኳት። ምክንያቱን አልነገርኳትም። ይኼን ሁሉ የተማርሽው ለዚህ ነው ወይ አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ያን ቅዳሜ ቧንቧው ደረቀና የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ቆመ። እማ ሻርፔን በበርሜል ውሃ ሳፋ ውስጥ በእጇ አጥባ ሽቦው ላይ አሰጣችው። እሁድ እሱን ተከናንቤ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ልገዛ ወጣሁ። የደረቀውን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ተሻግሬ ስመለስ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፣ የሙሸበኩ ስኳር ወረቀቱን አልፎ ጣቴ ላይ ይጣበቃል። እንደ ልማዴ የሻርፑን ጫፍ ወደ አፍንጫዬ ሳብኩ። ሳሙናና ፀሐይ። ደግሜ ሳብኩ። ሳሙናና ፀሐይ ብቻ።

ቤት ገብቼ በማሽን የታጠበ ሻርፕ ከቁም ሣጥን አወጣሁና ውሃ ረጨሁበት። ያ ጆንያ ተነሣ።

ማሽኑ የእማ ኩራት ነበር። ጅቡቲ የሚሠራው ወንድሜ ለዒድ ሲመጣ እዚሁ ከተማችን ካለው ታይዋን ገበያ የገዛላት፣ በሩ ከፊት ለፊት እንደ መርከብ መስኮት ክብ የሆነ። አጥቦ ሲጨርስ በሩን ጥርቅም ታደርግና መጀመሪያ ላስቲክ፣ ከላዩ ራሷ የሠራችውን ዳንቴል ታለብሰዋለች። የድሬን አቧራ የሚያውቅ አይፈርድባትም፤ ቴሌቪዥናችንም እንደዚያው ይለብስ ነበር። ውሃችን ደግሞ ማንቆርቆሪያውን ሳይቀር ነጭ ቅርፊት የሚያለብስ ነው። ሳሙና አላረፋ ሲላት የዱቄት ሳሙናውን እጥፍ ትጨምራለች።

ዳንቴሉን ገፍፌ በሩን ከፈትኩ። የበሩን ዙሪያ ጎማ እጥፋት በጣቴ ገለጥ ሳደርገው፣ ውስጡ እንደ ጥላሸት የጠቆረ የሚያሟልጭ ሻጋታ፣ ከመካከሉም ጠፋ ያልነው አንድ እግር ካልሲ። ሰው በሻጋታ ደስ ይለዋል? እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ።

እማ ልጇ የገዛላት ዕቃ ቆሻሻ መባሉ አስከፋት። ጎማውን የጠረግሁበትን ጨርቅ ሳሳያት ግን ቁጣዋ ወረደ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ምን መስሎሽ ነበር?"

"እኔ ራሴ የምሸት መስሎኝ።"

እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ራሴን ወደ ደረቷ ስባ አናቴን እንደ ሕፃን አሸተተችው። "ብትጠይቂኝ ያኔውኑ እነግርሽ ነበር። የልጄን ጠረን አላውቅም?"

ጎማውን በአቼቶ፣ እጥፋቱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈገፈግን። የሳሙና መክተቻውን መዝዘን አጠብን፤ ከሥር ያለውን ማጣሪያ ስፈታው የቆመ ውሃ ሳፋው ላይ ተንዠቀዠቀ። ውሃ ሲመጣ አቼቶውን በደንብ አለቃልቀን፣ ባዶውን ማሽን በሙቅ ውሃና በበረኪና አስኬድነው። አቼቶና በረኪና ከተገናኙ የሚያፍን ጋዝ እንደሚወጣ የተማርኩት ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሳሙናው ይቀነሳል፣ ልብሱ ወዲያው ይወጣል፣ ጎማው በጨርቅ ይደርቃል። በሩ ክፍት ይሁን ስላት ግን እማ አቧራውስ፣ ድመቷስ ብላ ተሟገተች። በመጨረሻ ላስቲኩ ተጣለ፤ ዳንቴሉ አየር ስለሚያሳልፍ በተከፈተው በር ፊት እንደ መጋረጃ ተሰቀለ።

ሰኞ ለአለቃዬ ምንም አልነገርኩም። አራት ሰዓት ላይ ወንበሬን ጎትቼ ከማራገቢያው ሥር ተቀመጥኩ።

"አቦ ነጃት፣ ምን በድለንሽ ነው ያኮረፍሽን እያልኩ ስጨነቅ!" አለች ፈቲያ።

በሹክሹክታ ሁሉንም ነገርኳት። ሽታው እነሱንም ይሸታቸው ኖሯል፤ የወለል መወልወያው መስሏቸው የጽዳቷን ሴት ይነዘንዟት ነበር። ፈቲያ ግን ሳምቡሳዋን አስቀመጠች።

"ወላሂ? ያ ሽታ እኮ እኛም ቤት አለ፤ እኔ ደግሞ ባሌን ነበር የምጠረጥረው። ምስኪን፣ ስንቴ ከምሳው አስነሥቼ ሂድ ታጠብ አልኩት!"

ባለፈው ሐሙስ ሳምቡሳ ይዤ ወደ ሐናን ጥግ ሄድኩ። ዛሬም ዓይነ አፋር ነኝ። ትሸቻለሽ ብሎ መጀመር አይቻልም፤ ስለዚህ ከራሴ ጀመርኩ። ካልሲው ላይ ስደርስ ማኘኳን አቆመች።

"እኛም አጥብቀን ነው የምንዘጋው" አለች ቀስ ብላ። "አቧራው እንዳይገባ።"

የቀረውን ሳምቡሳ ተውኩላት። እማን ያኔ አንድ ቃል ብጠይቃት ኖሮ ያ ሁሉ ሙቀት ይቀርልኝ እንደነበር እያሰብኩ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

ዛሬ ሰኞ ነው። ስገባ ሐናን ወንበሯን ከጥጉ እየጎተተች ነበር። ፈቲያ ቀና ብላ አየቻት፣ የራሷን ወንበር ገፋ አድርጋ ከማራገቢያው ሥር ቦታ ለቀቀችላት።