ከበሩ የተጀመረ ወለል

መጀመሪያ ያየሁት የጫማቸውን ጫፍ ነው። ሶሉ ገና ደህና ነበር፤ ጫፉ ግን ተፍቆ ተፍቆ ነጥቷል። የጓሮ ክፍላቸውን ልከራይ መጥቼ፣ ጋሼ ቁልፍ ሲፈልጉ እኔ እግራቸውን አያለሁ። ተንበርክኮ የሚውል ሰው ጫማው የሚያልቀው በመሄድ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ሥራቸው ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ሰፈርተኛው “ውሃ ልክ” ይላቸዋል፤ ብርጭቆ እንኳ ሲያስቀምጡ ጎንበስ ብለው ጠረጴዛው መዝመም አለመዝመሙን ያያሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሌላ ከተማ የምትሠራ። ባለፈው ስትመጣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከተሰነጠቀው ወለል አቧራ እግሯን አንጠልጥላ፣ ሻዩ ሳይበርድ ሄደች። ይህን ነገር በሆዳቸው ይዘው ከረሙ።

“ወለሉ ነው” አሉኝ አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ተቀምጠን። “ወለሉ ደህና ቢሆን ጫማዋን አውልቃ ታድር ነበር።”

እውነት ወለሉ ይሁን አይሁን አላውቅም። ፊታቸው ላይ ግን የበሽታውን ስም የተነገረው ሰው እፎይታ ነበር።

እሑድ እመጣለሁ ብላ ደወለች። እሳቸው ቅዳሜ በጠዋት የሳሎኑን ዕቃ አውጥተው ሲሚንቶ አቦኩ። ሰው ቤት ሲሠሩ ከጥግ ይጀምሩና ወደ በር ያፈገፍጋሉ፤ የመጨረሻዋን አስቀምጠው ውልቅ ነው። ያን ቀን ግን ከበሩ ጀመሩ። እያንዳንዷን በጎማ መዶሻ መታ መታ ያደርጋሉ፣ ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ፣ ወደ ውስጥ ይገባሉ።

“ጋሼ፣ ውስጥ ሊቀሩ ነው እኮ” አልኳቸው።

“ሙሉ ሙሉው በበሩ በኩል ይሁን። ቁርጥራጩ መኝታ ቤቴ ጋ ይግባ፤ እዚያ ከኔ በቀር ማን ያየዋል?” መዶሻው ቆመ። “ሰው ቤት ሠርቼ እወጣለሁ። ከቤቴ ወዴት እወጣለሁ?”

ጎረቤታችን ሴትዮ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። “ውሃ ልክ ዛሬ በራሳቸው ላይ ዘጉ። ምሳ በመስኮት እናቀብል?”

“ምሳውንማ የመስኮቱ ፍርግርግ ያሳልፋል” አሉ። “እኔን ነው የማያሳልፈኝ።”

ከሰዓት በኋላ ጨርሰው መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ሳሎኑ ውስጥ የረጋ ውሃ የተኛ መሰለኝ፤ ሰማይ ቁልቁል ገብቶበታል። አፌን ከፍቼ ስመለከት ልጃቸው ግቢ ገባች። ሻንጣ አልያዘችም።

“አባዬ፣ እዚያ ምን ትሠራለህ?”

“እንዳትረግጪው የኔ ልጅ፣ እርጥብ ነው። ነገ አልነበር እንዴ?”

“የሥራ ጉዞዬ ወደ ዛሬ ዞረብኝ። መኪናው መንገድ ላይ እየጠበቀኝ ነው።”

የበሩ ደፍ ላይ ልክ እንደ አባቷ ቁጢጥ አለች። የመጀመሪያዋን ሴራሚክ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገቻት።

“ቁርጥራጩን የት ደበቅኸው?”

“እኔ ጋ ነው።”

ሳቀች። ከመንገድ ክላክስ ተሰማ። “ያምራል አባዬ። ስደርስ እደውላለሁ።” ጫማዋን ልታወልቅ ያሰበች ይመስል ጎንበስ አለችና፣ ማሰሪያውን አጥብቃ ሄደች።

እሳቸው ቆመው ቀሩ። በሩን ሳይሆን ወለሉን ነበር የሚያዩት። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና ረገጡት። ጠዋት ድመት እንዳታልፍበት ያስጠበቁኝ ወለል ከእግራቸው ሥር አንድ በአንድ ሰመጠ፤ ሲሚንቶው በየመገጣጠሚያው ብቅ ብቅ አለ።

“ጋሼ፣ ወለሉ” አልኩ።

“ይነሳል” አሉ ሳያዩኝ። “ተነሥቶ ይነጠፋል።”

ግቢውን አቋርጠው ወጡ። ሊሮጡ ፈልገዋል፤ ጉልበታቸው እሺ አላላቸውም። ክላክሱ ድጋሚ አልተሰማም። የግቢው በር ላይ ቆሜ ግራጫ ተረከዛቸውን አየሁ፤ ይነሳል ይወርዳል፣ መንገዱ ላይ የሲሚንቶ ዳና ይተዋል፤ ዳናው እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ መታጠፊያው ጋ ጠፋ፣ እሳቸው ግን አሁንም እየሄዱ ነበር።