ጭልፋ ያምታታሁበት ፋሲካ

ዘንድሮም የፋሲካን ዶሮ ሠርቼ ብቻዬን ገደፍኩ። እርጅናም ነው መሰለኝ፣ ሽንኩርቱን ሳቁላላ ወገቤ ቁርጥ አለ፤ ሽታው ግን አልደከመውም፣ ወልዲያ ኮንዶሚኒየም ከተቀመጥኩበት አንስቶ መርሳ አባቴ ቤት ወሰደኝ።

አባቴ መካኒክ ነበር። ለፋሲካ ከሐራ ገበያ ሁለት አውራ ዶሮ ያመጣና አንዱን ከነነፍሱ ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘይነባ ይሰጣል። እሳቸውም ልጃቸው ቢስሚላህ ብሎ ያርድላቸውና በራሳቸው ድስት ሠርተው፣ ድስቱን ይዘው እኛ ቤት ይመጣሉ፤ የክርስቲያኑ ሥጋ በአንድ ትሪ፣ የሙስሊሙ በሌላ ትሪ፣ ሰዉ ግን በአንድ ሰሌን ላይ። እሳቸው ሳይቀመጡ አባቴ እንኳን ሥጋ ውሃ አይቀምስም፤ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ባይ ነበር።

አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ ወጥ አውጪ ብትለኝ፣ ቀልቤ አዲሱ ቀሚሴ ላይ ነበርና የእኛን ወጥ በጨለፍኩበት ጭልፋ ከእትዬ ዘይነባም ድስት ጨለፍኩ። ማንም አላየኝም። ዝም ብል ዝም ነበር፤ መቼም ወጥ መልኩ አንድ ነው። ትሪው ቀረበ፣ እትዬ ዘይነባ «ቢስሚላህ» ብለው ቆረሱ። አምነውን እኮ ነው የሚጎርሱት! እጃቸውን ለቀም አድርጌ ኡኡ አልኩ፤ ጭልፋውን ማምታታቴንም ተናገርኩ።

እናቴ በእፍረት የምትገባበት ጠፍቷት፣ እኔን ልትቆነጥጥ ተነሳች።

«ተያት በአላህ! ባትናገርስ ኖሮ?» አሉ እትዬ ዘይነባ። «አብሽሪ ልጄ፣ ሽሮ አይጠፋም።»

ሽሮው ከእሳቸው ቤት መጣ። አባቴም፣ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ የጾመ ሰውዬ፣ የእኛን ዶሮ ወደ ጓዳ አስመልሶ ከሽሮው ፊት ቁጭ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የፋሲካ ዕለት ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። እውነቱን ለመናገር እኔ አኩርፌ ነበር፣ ዶሮው አምሮኝ። ያ ምግብ ቁርባን ሊሆን ምንም እንዳልቀረው የገባኝ በእርጅና ጥርሴ መርገፍ ሲጀምር ነው።

አባቴም እትዬ ዘይነባም ዛሬ የሉም፤ ቤቱም ተሸጧል። እዚህ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ «እንኳን አደረሰሽ» እንባባልና ሁሉም በሩን ይዘጋል፤ እኔም ደክሞኛል፣ እዘጋለሁ። አባቴ ሁለት ወር የጠበቀውን ሥጋ የሚተውለት ሰው ነበረው። እኔ ከነጭራሹ ባልበላስ፣ ማን ያውቅልኛል?